ክትባቱ በተሰጠ በአምስተኛው ቀን

በሜሪላንድ ግዛት ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ በሚገኝ አንድ የሕፃናት ክሊኒክ በነርስነት እሠራለሁ። ወደ እኛ ከሚመጡት ቤተሰቦች ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያን ስለሆኑ ከመርፌው ይልቅ ማስረዳቱ ብዙ ጊዜዬን ይወስዳል። እነዚህ ወላጆች በፖሊዮ፣ በቴታነስና በመሳሰሉት ክትባቶች ላይ እምብዛም አይከራከሩም፤ አገር ቤት ሳሉ የሚያውቋቸው ናቸው፤ የክትባት ካርዱንም ከፓስፖርት ጋር አንድ ላይ ነው የሚያስቀምጡት። ክርክሩ የሚነሳው መስከረም ሲጠባ በሚመጣው የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ላይ ነው። ይህ ክትባት በኢትዮጵያ መደበኛ የሕፃናት ክትባት ውስጥ የለም፤ በየዓመቱ መደገም አለበት፤ የተከተበ ልጅም ሊታመም ይችላል። ስለዚህ ወላጅ «ጤነኛ ልጄን ለምን?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም፤ በበኩሌ ተገቢ ጥያቄ ነው እላለሁ።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2024 ኦክቶበር ላይ አንድ የሦስት ዓመት ልጅ ለዓመታዊ ምርመራ መጣ። ከዚያ በፊት ይህን ክትባት ወስዶ አያውቅም፤ ክብደቱም ቁመቱም ደህና ነበር፤ ደይኬር (የሕፃናት መዋያ) የጀመረው በቅርቡ ነው። አባትየው «ጉንፋን እኮ ነው፤ እኛ ሳንከተብ አድገን የለም?» ብሎ አልፈቀደም። ሐኪሟ ለሁሉም ልጆች እንደሚመከር ተናግራ ወደሚቀጥለው ክፍል አለፈች፤ ክትባቱን አለመቀበላቸውን የሚገልጸው ቅጽ ተፈርሞ ፋይሉ ውስጥ ገባ። ሐኪሟ የተናገረችው ትክክል ነበር፤ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ከ6 ወር ዕድሜ ጀምሮ ያለ ሰው ሁሉ በየዓመቱ እንዲከተብ ከ2010 ጀምሮ ይመክር ነበር። ነገር ግን አባትየው የጠየቀው ስለ ልጁ ነበር፤ የተመለሰለት ስለ አገሩ ሕዝብ ሆነ።

በዲሴምበር ደይኬሩ ብዙ ሕፃናት በፍሉ፣ ማለትም በኢንፍሉዌንዛ፣ መታመማቸውን የሚገልጽ ማሳሰቢያ ለወላጆች ላከ። እናትየው ደንግጣ በማግስቱ ልጁን ይዛ መጣችና ተከተበ። መርፌውን የወጋችው ባልደረባዬ ጥሩ ነርስ ናት፤ ልጁ ሲያለቅስ የእናትየውም ዓይን እንባ ሲያቀር አይታ «አይዞሽ፣ ከእንግዲህ ፍሉ አይዘውም» ብላ ሸኘቻት። በአምስተኛው ቀን ልጁ ወደ 40 ዲግሪ የሚጠጋ ትኩሳት ይዞት፣ ሲተነፍስ ደረቱ እያፏጨ፣ በአባቱ ትከሻ ላይ ተኝቶ ተመለሰ። ከአፍንጫው በጥጥ የተወሰደው ናሙና ኢንፍሉዌንዛ ኤ መሆኑን አሳየ።

አባትየው ውጤቱን ሲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገ። «እህቴ፣ ይህ ልጅ ሳይከተብ ሦስት ዓመት ሙሉ ታሞ ተኝቶ አያውቅም። በተከተበ በሳምንቱ ይኸው ወደቀ። ክትባቱ አይደለም ልትይኝ ነው?»

ከኋላው የሚስቱ እናት ቆመዋል። ልጃቸውን ሊያርሱ ከአዲስ አበባ ከመጡ ገና ሁለት ወር መሆኑ ነው፤ አራስ ልጃቸውን ቤት ትተው ነው አብረውት የመጡት። «ቀስ በል እንጂ የኔ ልጅ፤ እሷ ምን አደረገችህ?» አሉት።

የቀጠሮ ካርድ ገልብጬ በጀርባው ላይ ከአንድ እስከ ዐሥራ አራት ያሉትን ቀኖች በተርታ ጻፍኩ። የመጀመሪያው ቀን መርፌው የተወጋበት ነው፤ በአምስተኛው ላይ «ትኩሳት» ብዬ ጻፍኩና ወደ ኋላ አብረን ቆጠርን። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ሕመሙ የሚጀምረው ከአንድ እስከ አራት ቀን ባለው ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ በሁለተኛው ቀን ነው፤ ስለዚህ ልጁ ቫይረሱን ያገኘው መርፌውን ከወሰደ በኋላ፣ ምናልባትም በሦስተኛው ቀን ገደማ መሆን አለበት። በሦስተኛው ቀን ልጁ የት እንደዋለ አባትየውን ጠየቅሁት። ደይኬር እንደነበር ተናገረ። በመርፌው ውስጥ ያለው ቫይረስ የተገደለ በመሆኑ ሊራባ እንደማይችል፣ ክንድን ከማሳመምና ለአንድ ሁለት ቀን መጠነኛ ትኩሳት ከማምጣት አልፎ ኢንፍሉዌንዛን ሊያስይዝ እንደማይችል ነገርኩት። ቀጥሎም ጣቴን ዐሥራ አራተኛው ቀን ላይ አደረግሁ፤ ሰውነት በክትባቱ አማካይነት መከላከያውን ገንብቶ ለመጨረስ ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈልጋል። በዚያ ላይ ዕድሜያቸው ከ6 ወር እስከ 8 ዓመት የሆኑ ልጆች ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከተቡ ቢያንስ በ4 ሳምንት ልዩነት ሁለት መርፌ ያስፈልጋቸዋል፤ ልጁ የወሰደው ገና የመጀመሪያውን ነው። «ክትባቱ አላመጣበትም፤ ግን ገና አልደረሰለትም» አልኩት።

ካርዱን ተቀብሎ ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። «ታዲያ ያን ቀን ይህ ለባለቤቴ ለምን አልተነገራትም?» አለ።

«ልክ ነዎት፤ ሊነገራት ይገባ ነበር» አልኩት፤ ለዚህ ጥያቄ ሌላ መልስ አልነበረኝም።

ነገሩ የተለወጠው አያትየው «ትንሿስ ልጄ? እሷስ እንዴት ልትሆን ነው?» ብለው በጠየቁ ጊዜ ነው። ሕፃኗ የሁለት ወር ልጅ ነበረች። ዕድሜያቸው 6 ወር ያልሞላ ሕፃናት ይህን ክትባት መውሰድ አይችሉም፤ በሽታው ክፉኛ ከሚጎዳቸው መካከል ግን የመጀመሪያዎቹ እነርሱ ናቸው፤ ከእነርሱ ጋር አብረው የሚጠቀሱት ደግሞ ዕድሜያቸው ከ65 በላይ የሆኑ፣ እንደ እኒህ እናት ያሉት ናቸው። ለልጁ ታሚፍሉ የተባለው መድኃኒት ታዘዘለት፤ መድኃኒቱ ሕመሙ በጀመረ በ48 ሰዓት ውስጥ ሲወሰድ የተሻለ ስለሚሠራ በጊዜ መምጣታቸው ጠቅሞታል። ሕፃኗን በተመለከተ ሐኪሟ ቆም ብላ አንድ ነገር አጥብቃ አስጠነቀቀቻቸው፦ ትኩሳቷ 38 ዲግሪ ከደረሰ ቀጠሮ ሳይጠብቁ፣ ሌሊትም ቢሆን በቀጥታ ወደ ሆስፒታል እንዲወስዷት። ዕድሜው ሦስት ወር ያልሞላው ሕፃን ላይ ትኩሳት ሁልጊዜ አስቸኳይ ነው። እንደ ዕድል ሆኖ ሕፃኗን አልያዛትም።

ልጁ ካገገመ በኋላ አባትየው ሁለተኛው መርፌ ያስፈልግ እንደሆነና እንዳልሆነ ለመነጋገር ብቻውን መጣ። ኡበር ስለሚነዳ ከሰዓት በኋላ ሥራ ቀዝቀዝ ሲል ነበር የመጣው፤ እኔም ዕድለኛ ሆኜ የዚያን ዕለት ተራ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም። ያኔ ነው ኦክቶበር ላይ የጠየቀውን ጥያቄ በትክክል መመለስ የተቻለው።

ስለ ጤነኛ ልጆች ስንነጋገር አንዳንድ ባልደረቦቼ በቅድሚያ የሚያነሱት የሞት ቁጥር ነው። በዚያው በ2024–25 የፍሉ ወቅት በአሜሪካ ከኢንፍሉዌንዛ ጋር በተያያዘ ቢያንስ የ280 ሕፃናትና ልጆች ሞት ተመዝግቧል፤ ከእነርሱም ከግማሽ ትንሽ የሚያንሱት ቀድሞ የታወቀ ሕመም ያልነበራቸው ነበሩ፤ ለክትባት ደርሰው ከነበሩትና መከተብ አለመከተባቸው ከታወቀው መካከል ደግሞ ከዐሥሩ ዘጠኙ ገደማ በሚገባ አልተከተቡም። ቁጥሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ዕድሜያቸው ከ18 በታች የሆኑ ከ70 ሚሊዮን በላይ ልጆች በሚኖሩበት አገር የተቆጠረ በመሆኑ፣ አንድን ጤነኛ ልጅ የሚገጥመው የሞት አደጋ እጅግ አነስተኛ እንደሆነም አብሮ መነገር አለበት። ወላጅን አስደንግጦ ማስፈረም ይቻላል፤ የደነገጠ ወላጅ ግን በቀጣዩ ዓመት አይመለስም።

ስለዚህ ለአባትየው ያቀረብኩለት ሚዛን ሌላ ነበር። ክትባቱ በዓመቱ ከሚዞረው ቫይረስ ጋር ሲገጥም በበሽታው ታሞ ሐኪም ዘንድ የመሄድን ዕድል ከ40 እስከ 60 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ከዚህ በላይ አይደለም። የሚያስከፋ ቁጥር ነው፤ እኔም በየዓመቱ ስናገረው የሰሚውን ፊት አያለሁ። ከባድ ሕመምን በመከላከል ረገድ ግን የተሻለ ነው፤ ከ2010 እስከ 2014 ባለው ጊዜ በአሜሪካ ልጆች ላይ የተደረገ ጥናት ክትባቱ በጤነኛ ልጆች ላይ በፍሉ የመሞትን አደጋ በ65 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ጉዳቱ ደግሞ ምንድን ነው? ክንድ ያማል፣ አንዳንዱ ልጅ ሌሊቱን ይነጫነጫል፤ ከባድ አለርጂ ከሚሊዮን አንድ ያህል ነው የሚያጋጥመው፤ ልጁ ከክሊኒኩ ሳይወጣ ጥቂት እንዲቆይ የምንጠይቀውም ለዚህ ነው። አባትየው እጁን አንሥቶ «እኔ ልጨምርልሽ» አለኝ። ልጁ በታመመበት ሳምንት ሚስቱ አራስ በመሆኗ የሚያስታምመው እሱ ነበርና መኪናውን አላነሳም፤ የዚያን ወር የቤት ኪራይ የከፈለው ከጓደኛው ተበድሮ ነው። እንዲህ ያለው ወጪ በየትኛውም የጥናት ሠንጠረዥ ውስጥ አይገኝም፤ ብዙዎቹ ወላጆቻችን ሲወስኑ ግን ከሁሉ አስቀድመው የሚያሰሉት እሱን ነው።

ከዚያ ወደ አያትየው ነገር ተመለስን። በ2008–09 ክረምት በምዕራብ ካናዳ በሚኖሩ የሑተራይት ማኅበረሰቦች ዘንድ አንድ ጥናት ተደርጎ ነበር፤ እነዚህ ሰዎች በገጠር ተለይተው፣ ንብረታቸውን በጋራ ይዘው የሚኖሩ ገበሬዎች ናቸው። በግማሾቹ መንደሮች ልጆች የፍሉ ክትባት፣ በሌሎቹ ደግሞ የሄፓታይተስ ኤ ክትባት ተሰጣቸው፤ ልጆቹ ለፍሉ በተከተቡባቸው መንደሮች ራሳቸው ያልተከተቡት ሰዎች በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው በ61 በመቶ ቀነሰ። ይህን የነገርኩት ልጁን ለአያቱ ጋሻ ለማድረግ ብዬ አይደለም፤ ልጅ መከተብ ያለበት በቅድሚያ ለራሱ ሲጠቅመው ነው ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን አንዲት ሁለት ክፍል አፓርትመንት ውስጥ አራስ፣ ሕፃን፣ አያትና ደይኬር የሚውል ልጅ አብረው ሲኖሩ፣ ስለ ልጁ የሚወሰነው ስለ ቤቱም ጭምር መሆኑን ወላጁ ሳያውቅ እንዲወስን መተው አልፈለግሁም።

«አንድ ጊዜ ከያዘው በኋላ ግን ሁለተኛው መርፌ ምን ያደርጋል?» አለኝ። የዚያ ዓመት ክትባት የተዘጋጀው በሁለት የኤ እና በአንድ የቢ ዓይነት ቫይረስ ላይ ነው፤ ቀድሞ አራተኛ ሆኖ ይካተት የነበረው ያማጋታ የሚባለው የቢ ዝርያ ከ2020 ወዲህ በዓለም ላይ ስላልታየ ተትቷል። የቢው ዓይነት ብዙ ጊዜ ወደ ክረምቱ መጨረሻ ይበረታል። «እንግዲያው ከሦስቱ አንዱን ብቻ ነው የቀመስነው» ብሎ ሳቀ፤ ለጃንዋሪ መጨረሻም ቀጠሮ ያዘ።

ይህ ጉዳይ በክሊኒኩ ስብሰባ ላይ ከተነሳ በኋላ አሠራራችን ተለወጠ። ማንም ሠራተኛ ለወላጅ «አይዘውም» አይልም፤ «ከሁለት ሳምንት በኋላ መሥራት ይጀምራል፤ ቢይዘው እንኳ ብዙውን ጊዜ ይቀልለታል» ነው የምንለው። ሁለት መርፌ የሚያስፈልገው ልጅ የሁለተኛው ቀጠሮ ሳይያዝለት አይወጣም፤ እንዲህ ያሉትን ልጆች ክትባቱ እንደደረሰ፣ ደይኬሮች ማሳሰቢያ መላክ ሳይጀምሩ እንጠራቸዋለን። ሁሉም ወላጅ ይስማማል ማለት ግን አይደለም። የአምስት ዓመት ልጅ ያላቸው አንድ ባልና ሚስት ይህን ሁሉ በጥሞና ሰምተው፣ ጥሩ ጥሩ ጥያቄ ጠይቀው፣ በመጨረሻ አልፈለጉም። ቅጹን ፈረሙ፤ እኔም ልጁን ትኩሳት ቢይዘው ሁለት ቀን ሳይሞላው እንዲደውሉ ነግሬ በሰላም ሸኘኋቸው። አንዲት ሙስሊም እናት ደግሞ በአፍንጫ የሚረጨው ክትባት ከአሳማ የተሠራ ጀላቲን እንዳለበት ሰምታ ክትባቱን በጠቅላላ ትታው ነበር፤ እኛ ዘንድ የሚሰጠው መርፌ ጀላቲን እንደሌለበት ስትሰማ ሁለቱን ልጆቿን በዚያው ዕለት አስከተበች። ይህን አስቀድሞ የነገራት ሰው አለመኖሩ ነው የገረመኝ።

በ2025 ኦክቶበር ያ አባት ማንም ሳይጠራው ሁለቱንም ልጆች ይዞ መጣ። ያለፈው ዓመት ሁለት መርፌ የተሟላለት ትልቁ አሁን አንድ ብቻ ያስፈልገው ነበር፤ ዓመት የሞላት ትንሿ ደግሞ የሁለቱን የመጀመሪያ ልትወስድ ነው። ትልቁ መርፌ ፈርቶ ከወንበሩ ሥር በመግባቱ አባትየው «በአፍንጫ የሚረጨው አይሻለውም?» ብሎ ጠየቀኝ። ርጩው ከ2 ዓመት ጀምሮ ይፈቀዳል፤ ነገር ግን ዕድሜያቸው ከ2 እስከ 4 ዓመት የሆኑና ባለፉት 12 ወራት ደረታቸው አፏጭቶ የሚያውቅ ልጆች አይሰጣቸውም፤ የዚህ ልጅ ደረት በዲሴምበሩ ሕመም ጊዜ ማፏጨቱ በፋይሉ ላይ ተጽፏል። ለዘንድሮ መርፌው የግድ መሆኑን ነገርኩት፤ አባትየው ተንበርክኮ ልጁን ከወንበሩ ሥር መጎተት ጀመረ።