«7:00» ብዬ የጻፍኩት ሰዓት

የቢሮአችን ሥራ የጭነት መኪናዎችን ስምሪት የሚመዘግብ ሶፍትዌር መሥራትና መጠበቅ ነው። ደንበኞቻችን በጅቡቲና በድሬዳዋ መካከል ዕቃ የሚያመላልሱ ትራንስፖርተሮች በመሆናቸው፣ ሥራው የሚበረታው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ወደ ጥላ እስኪያስገባ ድረስ ነው። ስለዚህ አዲስ ቅጂ ወደ ሥራ የምናስገባው፣ በእኛ አነጋገር ዲፕሎይ የምናደርገው፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ ነበር። ይህን የሚከታተል ራሳችን የሠራነው መሣሪያ አለን። ከሥሩ ኩበርኔትስ፣ ማለትም ፕሮግራሞችን በሰርቨሮች ላይ የሚያስነሣና የሚቆጣጠር ሥርዓት፣ አለ፤ መሣሪያው ደግሞ አዲሱ ቅጂ ተነሥቷል ወይ፣ ጥያቄ መቀበል ጀምሯል ወይ፣ ስሕተት በዝቷል ወይ የሚለውን እየጠየቀ መልሱን በአንድ ስክሪን ላይ ያሳያል።

የሌሊቱን ሥራ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ኤጀንት፣ ማለትም የተሰጠውን መመሪያ እያነበበ ትእዛዞችን ራሱ ለሚፈጽም ፕሮግራም፣ ለመስጠት ስንወስን መመሪያውን የማዘጋጀቱ ኃላፊነት በእኔ ላይ ወደቀ። ለሠራተኞች የተጻፈ የአራት ገጽ መመሪያ ስለነበረን እርሱኑ አሳጥሬ፣ ትእዛዞቹን በሰንጠረዥ አሰናድቼ ሰጠሁት። «የዲፕሎይመንት ሰዓት» በሚለው ረድፍ ላይ የጻፍኩት «7:00–10:00» ብቻ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ካለፈ በኋላ ስልኬ ጠራ። «ስማኝ ልጄ፣ አሥራ አንድ መኪና ቆሞብኛል፤ የጭነት ወረቀቱ አልወጣ ብሏል። ምን ነክታችሁ ነው?» አለኝ የአንድ ትራንስፖርት ድርጅት የስምሪት ኃላፊ። ድሬ ላይ ከአንቱታ ይልቅ አንተ መባባል የተለመደ በመሆኑ፣ በዕድሜ አባቴን የሚያክለውን ሰው «ትንሽ ታገሠኝ፣ አሁኑኑ አየዋለሁ» ብዬ ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። ወደ ቀድሞው ቅጂ መመለሱ ከአሥር ደቂቃ በላይ አልወሰደም። እስከ ማታ ያስቀመጠኝ ኤጀንቱ የተወውን መዝገብ ማንበቡ ነው።

ኤጀንቱ መመሪያዬን በትክክል ፈጽሟል። ሰርቨራችን የሚሠራው በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት፣ ነው፤ ኤጀንቱም «7:00» የሚለውን ያነበበው በሰርቨሩ ሰዓት ነበር። ኢትዮጵያ ከዩቲሲ በ3 ሰዓት ስለምትቀድም ያ ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ከጠዋቱ 10፣ በእኛ ደግሞ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው። እኔ ልናገር የፈለግሁት ከሌሊቱ 7 ሰዓት ግን በዩቲሲ የዋዜማው 22:00 ነው። በመካከላቸው ዘጠኝ ሰዓት አለ። በቢሮአችን ውስጥ «ሰባት ሰዓት» ሲባል የትኛው ሰባት ሰዓት እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው ስለሌለ፣ «ሌሊት» የምትለዋን ቃል ለሰንጠረዡ ጥበት ብዬ ስሰርዛት የጎደለ ነገር አልታየኝም።

ይበልጥ ያስጨነቀኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። መዝገቡ ላይ በየአምስት ደቂቃው «ክትትል ተደርጓል፤ ስሕተት አልተገኘም» የሚል መስመር ተደርድሯል። አዲሱ ቅጂ ኩበርኔትስ ለሚያቀርብለት የዝግጁነት ጥያቄ ይመልስ ነበር፤ ያ ጥያቄ የሚፈትሸው ደግሞ እኛ ፈትሽ ያልነውን ብቻ፣ ማለትም ፕሮግራሙ መከፈቱን ነው። የጭነት ወረቀት የሚያዘጋጀው ክፍል ከዳታቤዙ ጋር አለመግባባቱ መታየት የነበረበት በስሕተቶች ቁጥር ላይ ሲሆን፣ ቁጥሩን ከሚሰበስበው አገልግሎት ጋር ያለው ግንኙነት ተቋርጧል። መሣሪያችን በዚህ ጊዜ ባዶ ስክሪን ያሳይና የመውጫ ኮድ፣ ማለትም አንድ ፕሮግራም ሲዘጋ ውጤቱን የሚናገርበት ቁጥር፣ 0 ሰጥቶ ይዘጋል። 0 በዚህ ሙያ «ተሳክቷል» ማለት ነው። እኛ ባዶ ስክሪን ስናይ ቀና ብለን «ኔት አለ?» እንባባላለን፤ ኤጀንቱ ግን የሚጠይቀው ጎረቤት የለውም፣ የተነገረው ነገር ቢኖር 0 ደህና መሆኑን ብቻ ነው።

መመሪያውን እንደገና ልጽፍ ስነሣ የዳታቤዝ ባለሙያችን አንድ ሐሳብ አቀረበች። «እኔ በዚህ ወረቀት ብቻ አንድ ቀን ልሥራ። አንተን ልጠይቅህ ባሰኘኝ ቁጥር ጥያቄዬን እጽፋለሁ እንጂ አልጠይቅህም» አለችኝ። ማታ የሰጠችኝ ወረቀት ላይ 23 ጥያቄዎች ነበሩ። ይህን ያህል የጠቀመኝ ግምገማ አላስታውስም፤ አዲሱን መመሪያ የጻፍኩት ገጽ በገጽ ሳይሆን ጥያቄ በጥያቄ ነው።

ሰዓት ሁሉ በዩቲሲ ከነቀኑ እንዲጻፍ አደረግን፤ የእኛ አቆጣጠርም ለሰው አንባቢ ከጎኑ ገባ። በእያንዳንዱ ትእዛዝ ሥር የሚያነብ ብቻ ነው ወይስ የሚለውጥ፣ ሁለት ጊዜ ቢታዘዝ ጉዳት አለው ወይስ የለውም የሚለው ተጻፈ፤ ሲሳካም ሲበላሽም የሚያወጣው ጽሑፍ እንዳለ ተገለበጠ። ኩበርኔትስ የአዲስ ቅጂ ሥራ መግባት በ600 ሰከንድ ውስጥ ወደ ፊት ካልገፋ፣ ካልለወጡት በቀር ልኩ ይህ ነው፣ መሰናከሉን ያስታውቃል እንጂ በራሱ ወደ ቀድሞው አይመልስም፤ ስለዚህ የመመለሱ ውሳኔ የማን እንደሆነ በግልጽ መጻፍ ነበረበት። የመውጫ ኮዱን ግን በመመሪያ ማቃናት ተገቢ ሆኖ ስላላገኘሁት መሣሪያውን ራሱን ለወጥነው፦ 0 ጤነኛ፣ 1 የተበላሸ፣ 2 የማይታወቅ። የተፈቀደውን ሰዓትም ሰርቨሩ ራሱ እንዲያስከብር አደረግን፤ የጻፍኩት ነገር በስሕተት ቢነበብ እንኳ በሩ ዝግ ሆኖ እንዲገኝ።

ከዚያ በኋላ አንድ ሌሊት ቁጥር ሰብሳቢውን አገልግሎት ሆን ብለን አቋረጥነው። ኤጀንቱ ሁለት ጊዜ ሞክሮ «ሁኔታው አይታወቅም» ብሎ መዘገበና ሥራውን አቁሞ በባለሙያዋ ስልክ ላይ ደወለ፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከሩብ ነበር።

ከ23ቱ ጥያቄዎች መልስ ያላገኘንለት አንድ ብቻ ቀርቷል። አዲሱ ቅጂ የዳታቤዙን አሠራር ከለወጠ በኋላ ወደ ቀድሞው ቅጂ መመለስ አዲሱን መረጃ ሊያበላሽ ይችላል፤ መቼ እንደሚያበላሽና መቼ እንደማያበላሽ ደግሞ እኛም እየተሰበሰብን ነው የምንወስነው። በዚያ ረድፍ ላይ ለጊዜው የሰፈረው «አትመልስ፤ ሰው ጥራ» የሚል ነው።