አረንጓዴው ምልክት ምን ቆጥሮ ነው?

ይሄ ነገር እስካሁን ያናድደኛል። መሥሪያ ቤታችን ትንንሽ የቻርተር አውሮፕላኖች አሉት። የበረራ ዕቅድ በኢንተርኔት የሚያወጣ ሶፍትዌር ሊገዛ ታሰበና ገምግሙ ተባልን፤ ከዲስፓች (የበረራ ዕቅድ ከሚያዘጋጀው ክፍል) እኔ፣ ከአብራሪዎች አንድ አንጋፋ ካፒቴን።

ሊያሳየን የመጣው ልጅ ጨዋ ነው፤ ሥራውንም ይወዳል። ሶፍትዌሩም ያምራል። መስመሩን በጣት ሳብ ሲያደርጉት ነዳጁም ሰዓቱም ወዲያው ይስተካከላል። ኖታሙና (ለአብራሪዎች የሚወጣው ማሳሰቢያ) ሜታሩ (የኤርፖርቱ የአየር ሁኔታ ዘገባ) አንድ ገጽ ላይ ይመጣሉ። ይህን ሁሉ ከየቦታው ስንለቃቅም ለኖርን ትልቅ እፎይታ ነው።

ካፒቴኑ ግን ካርታውን ብዙም አላየው። "ካራቫን፣ ሙሉ ጭነት፣ ከቦሌ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት" አለው። ካራቫን ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን ነው። ልጁ አስገባ። መነሳት ይቻላል የሚል አረንጓዴ ምልክት መጣ።

"ሙቀቱን ስንት ብሎ ያዘው?"

ልጁ ፈለገ፣ ፈለገና ሴቲንግ ውስጥ አገኘው። "ስታንዳርድ ነው፣ ካፒቴን።"

"ቦሌ ላይ ስታንዳርዱ ስንት ነው?"

ልጁ ዝም አለ።

ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። በዚያ ከፍታ ስታንዳርድ የሚባለው፣ ማለትም ለስሌት መነሻ የሚያዘው ሙቀት ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ነው። የዕለቱ ሜታር 25 ይላል፤ ያውም እዚያው ገጽ ላይ፣ ከአረንጓዴው ምልክት ጎን! በ25 ዲግሪ አየሩ ስለሚሳሳ አውሮፕላኑ 3,200 ሜትር (10,500 ጫማ) ገደማ ላይ እንዳለ ነው የሚሆነው። መንደርደሪያው ይረዝማል፤ ሽቅብ መውጣቱ ይከብዳል።

"ቦሌ ራንዌዩ ረጅም ስለሆነ ይምርሃል" አለው ካፒቴኑ ረጋ ብሎ። "አጭር የአፈር ሜዳ ላይ ግን አይምርህም፣ ልጄ።"

እኔም አንድ ነገር ሞከርኩ። ቦሌ ቢዘጋ ወዴት እንሂድ ብዬ አልተርኔት (ተለዋጭ ማረፊያ) አስመረጥኩት። ቢሾፍቱ አለኝ። ቅርብ ነው፣ ራንዌዩም ረጅም ነው። ግን የአየር ኃይል ሰፈር ነው፤ ሲቪል አውሮፕላን ያለ ፈቃድ ዘው የሚልበት አይደለም።

አለቃችን "ይሄማ የሴቲንግ ጉዳይ ነው፣ አብራሪው ይሙላው" አሉ። እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ነው። መንገደኛ ተሳፍሮ፣ ሰዓት ረፍዶ፣ አረንጓዴ እያየ ሴቲንግ የሚበረብር አብራሪ ስንቱ ነው? ሜታሩን ራሱ አምጥቶታል፤ ለምን አይቆጥርበትም? ካልቆጠረበት ደግሞ አረንጓዴውን አያሳይ።

ልጁ ግን ሁሉንም በማስታወሻው ጻፈ። ለካፒቴኑም "ይስተካከላል፣ አመሰግናለሁ" ብሎ ሄደ። ለእሱ ክብር አለኝ።

ቃለ ጉባኤው ሲመጣ የእኛ ነገር "የአጠቃቀም አስተያየት" ተብሎ ሰፍሯል። "የደኅንነት ጉድለት" ተብሎ ይታረም ብዬ መለስኩት። እስኪታረም አልፈርምም ብያለሁ፤ ካፒቴኑም አልፈረመም።