ከሐይቅ ዳር ወደ ሳነቴ

ሐዋሳ፣ ጥቅምት መጨረሻ

ባሌ ላይ ዝናቡ መቅለል ሲጀምር ልቤ ወደ ምሥራቅ፣ በብስክሌት ወደ ሳነቴ ከፍተኛ ሜዳ ይሸፍታል። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ አጭር ስለሆነ በየዓመቱ ይህን ሰሞን የማውቀውን ጽፌ አስቀምጣለሁ።

ሐዋሳ ለብስክሌት የተመቸች ከተማ ናት። ከፍቅር ሐይቅ እስከ አሞራ ገደል ሲነዳ ማርሽ መቀየርም ይረሳል። የምታሳስተውም በዚሁ ነው። ሜዳ ላይ በቀን 80 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ጉልበቱን በኪሎ ሜትር መቁጠር ይለምዳል። ተራራ ግን የሚቆጠረው በሜትር ከፍታና በሰዓት ነው። ጎባ 2,740 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የሳነቴ ሜዳ ወደ 4,000 ሜትር ነው። ልዩነቱ 1,260 ሜትር ይሆናል። ስንቁን ጭኖ ኮረኮንች የሚወጣ ሰው በሰዓት 300 ሜትር ከፍታ ከጨመረ ጎበዝ ነው። ስለዚህ 4 ሰዓት ከሩብ ያህል መውጫ፣ 1 ሰዓት ደግሞ ለእረፍት። ከጎባ ንጋት 12 ሰዓት ላይ የተነሳ ሜዳው ላይ የሚደርሰው 5 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ከሰዓት በኋላ ደመናው ይወርዳል፤ በረዶም ሊጥል ይችላል። ቀኑ 6 ሰዓት ሞልቶ ዳገቱ ካላለቀ መመለስ ነው፤ ይህን ውሳኔ ጎባ ላይ ሻይ እየጠጡ መወሰን እንጂ ላይ ደክሞ መከራከር አይገባም።

ተራራ የሚታለፍበትን ቦታ የእኛ ሰው "በር" ይለዋል፤ ጣርማ በር ስሙን እንደያዘ አለ። በር ላይ አይታደርም፣ ያልፉታል ወይም ይመለሳሉ። ሳነቴን አስቸጋሪ የሚያደርገው ግን ጠባብ በር አለመሆኑ ነው። ሌላ ቦታ ጫፉ ላይ ደርሶ ወዲያው ቁልቁል ይጀመራል። እዚህ ዳገቱ ካለቀ በኋላ መንገዱ በ4,000 ሜትር ላይ ተዘርግቶ ይቀጥላል፤ ወደ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ የሚገነጠለውን መንገድ የያዘ ደግሞ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ነፋስ የሚከልል ዛፍ የለም፣ ያለው ጅብራና ድንጋይ ነው። አየሩ ሜዳው ላይ በባሕር ወለል ካለው ግፊት 61 በመቶ ያህሉን ብቻ ይይዛል፤ ሐዋሳ ላይ 82 በመቶ ያህል ነው።

"እኛ የደጋ ሰዎች ነን፣ ከፍታ አይነካንም" የሚለውን አባባል አልቀበለውም። 1,700 ሜትር ላይ የኖረ ሰው ደሙ የተላመደው ለ1,700 ሜትር ነው። ደግነቱ የባሌ መንገድ ራሱ ያስተምራል። ሻሸመኔን አልፎ ኮፈሌ ላይ 2,600 ሜትር ይታለፋል፤ ዶዶላ አንድ ሌሊት፣ ዲንሾ 3,100 ሜትር ገደማ ላይ ሌላ ሌሊት፣ ከዚያ ወደ ሮቤና ጎባ ዝቅ ተብሎ ይታደራል። ሳነቴን በቀን ወጥቶ ጎባ ወርዶ ማደር ለሰውነት ከሁሉ የተሻለ ነው፤ ከፍ ብሎ መዋል፣ ዝቅ ብሎ ማደር። የፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት ዲንሾ ስለሆነ የመግቢያ ክፍያውም እዚያው ያልቃል። ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ ወይም ከማዞር ጋር ከመጣ ከዚያ በላይ አይወጣም። ቁጭ ብሎም ትንፋሽ የሚያጥረው ወይም ተረከዙን ከጣቱ ፊት እያስቀመጠ በቀጥታ መስመር መራመድ ያቃተው ሰው ግን ጠዋት እስኪሆን አይጠበቅም፤ ሌሊትም ቢሆን ቢያንስ 500 ሜትር፣ ቢቻል 1,000 ሜትር ይወርዳል፤ ብቻውንም አይላክም።

ብስክሌቱን በተመለከተ ብዙ ገንዘብ ከማውጣት በፊት የማርሹን ጥርስ መቁጠር ያዋጣል። በብዛት የሚገኘው ባለ 26 ኢንች ብስክሌት ከፊት ትንሹ ጥርስ 24፣ ከኋላ ትልቁ 28 ነው። አንድ የፔዳል ዙር 1.77 ሜትር ያስኬዳል፤ በደቂቃ 60 ዙር ሲሆን በሰዓት 6.4 ኪሎ ሜትር። ሰው፣ ብስክሌትና ጭነት 90 ኪሎ ቢሆኑ ያንን ፍጥነት በ8 በመቶ ዳገት ኮረኮንች ላይ ለመጠበቅ 155 ዋት ያህል ይጠይቃል። ሐዋሳ ላይ ይህን ለሰዓታት የሚችል ሰው ሳነቴ ላይ አይችለውም፤ ከ1,500 ሜትር በላይ በየ100 ሜትሩ ከከፍተኛ አቅማችን 1 በመቶ ያህል ይቀነሳል። የኋላውን ወደ 34 ጥርስ ቢቀይሩት ዙሩ 1.46 ሜትር፣ ፍጥነቱ 5.3 ኪሎ ሜትር ይሆንና የሚፈለገው ኃይል ወደ 130 ዋት ይወርዳል። ሲቀየር ግን ካቴናው አብሮ መርዘም አለበት፤ ማርሽ ቀያሪውም 34 ጥርስ የሚችል መሆኑ ይታይ። አጭር ካቴና ከፊትም ከኋላም ትልቁ ማርሽ ላይ ሲውል ማርሽ ቀያሪውን ነቅሎ ራጂው (የጎማው ሽቦ) ውስጥ ይከተዋል፣ ጉዞውም እዚያው ያልቃል። በሰዓት ከ5 ኪሎ ሜትር በታች ሲሆን ደግሞ ወርዶ መግፋት ነው፤ ሚዛን ለመጠበቅ የሚጠፋው ጉልበት አያዋጣም፣ መግፋትም የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

ስለ ጎማ አንድ ነገር። ሐዋሳ ላይ በ35 ፒኤስአይ (የጎማ ግፊት መለኪያ) የተነፋ ጎማ ሳነቴ ላይ ይፈነዳል ብለው ላይ ሲደርሱ የሚያስተነፍሱ አሉ። የውጭው አየር ግፊት በ3 ፒኤስአይ ያህል ስለሚቀንስ ጎማው በዚያው ልክ እንደሚወጠር እውነት ነው። ነገር ግን ከ25 ዲግሪ ወደ 8 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 2.7 ያህል ይቀንሳል፤ ሁለቱ ይጠፋፋሉ ማለት ይቻላል። ላይ ያስተነፈሰ ሰው ቁልቁለቱን በልል ጎማ ይጀምርና ቸርኬው ድንጋይ ሲመታ የውስጥ ጎማው ሁለት ቦታ ይበሳል። ዳገቱ ላይ ጎሚስታ ስለሌለ 2 የውስጥ ጎማ፣ ልጣፍና ማስቲሽ፣ መንፊያ፣ የካቴና መፍቻ፣ 3 ራጂ፣ የፍሬን ሽቦ፣ አንድ ጥንድ የፍሬን ጎማ፣ ፒንሳ፣ ባለ 4፣ 5 እና 6 ሚሊሜትር ቁልፍ አይቀሬ ናቸው። ብስክሌቱ በአውቶቡስ ፖርቶመጋላ የሚሄድ ከሆነ ፔዳሎቹ ይፈቱ፣ የካቴናው ወገን ወደ ላይ ይሁን። በዚያ ወገን ከተኛ ማርሽ ቀያሪው የታሰረበት ብረት ይጣመማል፤ ይህም የሚታወቀው ዳገቱ ላይ ማርሹ መዝለል ሲጀምር ነው።

መኪና ከሚሄድበት መንገድ ውጭ ብስክሌት እንዲገባ አልፈልግም። መሬቱን ግዙፉ ፍልፈል ውስጥ ውስጡን ቦርቡሮታል፤ ጎማ ጉድጓዱን ይንደዋል፣ ነጂውንም ይጥለዋል። ቀይ ቀበሮም የሚኖረው ይህንኑ ፍልፈል እያደነ ነው፤ በዓለም ላይ ከቀሩት 500 ያህል ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ ያሉት ባሌ ውስጥ ነው። ብስክሌቱን ከመንገዱ ዳር አቁሞ በእግር መግባት ይሻላል። በእግር ሲሆን ሒሳቡ 5 ኪሎ ሜትር በሰዓት፣ ለየ600 ሜትር ዳገት 1 ሰዓት ጭማሪ የሚለው ነው፤ ከ3,500 ሜትር በላይ ጭማሪውን እጥፍ አደርገዋለሁ። የእረኛ ውሻ ከመጣ ወርዶ ብስክሌቱን በመካከል አድርጎ በዝግታ መራመድ፣ አለመሮጥ። ከነከሰ ቁስሉን 15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ ግድ ነው።

ጋቢ ለሌሊት ድንቅ ነው፣ ለመንዳት ግን አይሆንም፤ ጥጥ ላብ ሲጠጣ ሙቀት አይዝም። ከላይ ነፋስ የማያስገባ፣ ከውስጥ ሱፍ፣ ቦርሳ ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ ደረቅ ካናቴራ። ካናቴራው የሚቀየረው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው፣ ብርድ ከገባ በኋላ ሳይሆን። ምግብ በሶና ዳቦ ቆሎ፤ በየሰዓቱ 80 ግራም በሶ 60 ግራም ያህል ኃይል ሰጪ ምግብ ይሆናል። ሽሮና ፓስታ እዚያ ማብሰል ነዳጅ ማባከን ነው፣ ውኃው በ86 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ቶሎ አይበስልም። የጅረት ውኃ ግን 3 ደቂቃ ከተንፈቀፈቀ ለመጠጥ ይበቃል።

ወደ ሀረና ደን የሚወርደው ወገን ቁልቁል፣ ጠመዝማዛና ጠጠራም ነው፤ እስከ ደሎ መና ከ2,000 ሜትር በላይ ይወረዳል። ፍሬን እንደያዙ መውረድ ቸርኬውን ያግላል፤ የጋለ ቸርኬ የውስጥ ጎማውን ያፈነዳል። ስለዚህ ከመታጠፊያው በፊት ጠበቅ አድርጎ መያዝ፣ መታጠፊያው ውስጥ መልቀቅ፣ የፊትና የኋላውን ማፈራረቅ። በየ10 ደቂቃው ቆሞ በእጅ ጀርባ የቸርኬውን ሙቀት መለካት፤ እጅ ማቆየት ካልተቻለ 5 ደቂቃ ይረፍ። የዲስክ ፍሬን ያለው ግን ዲስኩን አይንካ፣ ያቃጥላል። ጭቃ ካለ የፍሬን ጎማ በአንድ ቁልቁለት ሊያልቅ ስለሚችል በእያንዳንዱ እረፍት የፍሬን ጎማው ጎድጎድ አለማለቁ ይታይ። አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ አልፎ ረጃጅሞቹ ዛፎች ሲጀምሩ ሙቀቱ ይመለሳል፣ ጣት ይፍታታል። ጓንት የሚወልቀውና የፍሬን ሽቦው እንደገና የሚወጠረው እዚያ ነው።