ሐኪም ያልሰማትን እህቴን እግዚአብሔር ሰማት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ይህን ምስክርነት ለመጻፍ ለእመቤታችን ቃል ከገባሁ ዓመታት አልፈዋል። ለመጀመር በተቀመጥኩ ቁጥር ያቺ ሌሊት ትመጣብኝና እጄ ይያዛል። አሁንም እንባዬ እየቀደመኝ ነው። ነገሩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ቢልባችሁ ታገሡኝ።

አዋላጅ ነርስ ነኝ። የምሠራው በሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ ነው። ታናሽ እህቴ የምትኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። እዚያው ኮሌጅ ተምራ የሒሳብ ባለሙያ ሆናለች፤ የጤና መድን አላት፤ እንግሊዝኛውንም ከአማርኛ እኩል ትናገራለች። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ “ምናልባት ድሃ ሆና፣ ምናልባት መናገር አቅቷት ይሆናል” እንዳትሉ ነው።

በ2011 ዓ.ም. ጥር ወር የመጀመሪያ ልጇን በሰላም ተገላገለች። ሴት ልጅ ናትና እዚህ ቤታችን ሦስት ጊዜ እልል አልን፤ እናቷ በሌለችበት ገንፎውን ቀምሰን መረቅን። አራሷም በሁለተኛው ቀን ከሆስፒታል ወጣች። ሳምንት ሳይሞላት ራሷን ያማት ጀመር። ወደ ወለደችበት ሆስፒታል ተመልሳ ተናገረች። ያየቻት ባለሙያ ግፊቷ ከፍ ማለቱን በዓይኗ አይታ፣ “አዲስ እናት ነሽ፤ እንቅልፍ አጥተሽ ነው፤ ተጨንቀሽ ነው” አለቻት። እህቴ “እንዲህ ያለ ራስ ምታት በሕይወቴ አሞኝ አያውቅም” ብትላት፣ “ስትናገሪ ግን ደህና ትመስያለሽ” ብላ የሕመም ማስታገሻ ክኒን አሲዛ ሸኘቻት።

ያቺ ሌሊት የጥር 21 አጥቢያ፣ የአስተርእዮ ማርያም ዋዜማ ነበረች። ተረኛ ነበርኩ። የመንዝን የጥር ውርጭ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ በጋቢ ላይ ጋቢ ደርቤ የተረኛ ክፍል ውስጥ ተቀምጫለሁ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። እዚያ ገና ከቀኑ 11 ሰዓት ነው።

“እታለም፣ አልተኛሽም?”

“ተረኛ ነኝ ሆዴ። ሕፃኗስ?”

“ተኝታለች።” ትንሽ ዝም አለች። “እታለም፣ ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ የሚል ነገር አለ። ግድግዳው ላይ ኮከብ የሚረግፍ ይመስለኛል።”

ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ።

“ራስ ምታቱስ?”

“ክኒኑ ምንም አላደረገልኝም።”

“ከጎድንሽ በታች፣ በቀኝ በኩል ያምሻል?”

“እንዴት አወቅሽ?”

እንዴት አላውቅ! ስንቷን እናት በዚህ ምልክት ይዤ በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል ሸኝቻለሁ። እኛ ባለሙያዎች ፕሪኤክላምፕሲያ የምንለው በሽታ ነው። ግፊቱ ይወጣል፤ ራስ ይፈልጣል፤ ዓይን ይጋረዳል፤ ጉበት ሲነካ ከቀኝ ጎድን በታች ያማል። በጊዜ ካልተያዘ እናቲቱን ያንዘፈዝፋታል፤ አንጎል ውስጥ ደም ሊያፈስ ይችላል። ብዙ ሰው የእርግዝና በሽታ ብቻ ይመስለዋል። ከወለዱ በኋላም እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ ሊመጣ ይችላል።

“አሁኑኑ ሆስፒታል ትሄጃለሽ” አልኳት።

“ትናንት ደህና ነሽ ብለው መለሱኝ እኮ። ደግሜ ብሄድ እንደ ቀበጥ ያዩኛል። ባሌም ሥራ ላይ ነው፤ እነርሱ ጋ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው።”

አስቡት፤ እህቴ እየሞተች ታፍራለች። አንድ ጊዜ አልሰማ ያለ ሰው ሁለተኛ እንዳትናገር አድርጓታል። እዚህ ቢሆን አራስ ብቻዋን አትተውም፤ ጎረቤቱ ተራ ገብቶ ይጠብቃታል። እርሷ ሕፃን ታቅፋ በባዶ ቤት ኮከብ ትቆጥራለች።

“ወረቀት አምጪ፤ የምልሽን ጻፊ። ‘ከወለድኩ ሳምንት አልሞላኝም። ከባድ ራስ ምታት አለኝ፤ ዓይኔ ብልጭ ይልብኛል። ግፊቴን ለኩልኝ። ፕሪኤክላምፕሲያ እንዳይሆን እፈራለሁ።’ መጀመሪያ መውለድሽን ንገሪያቸው። ከዚያ…”

ፊቷ ስልኬ ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ። ኔትወርኩ ተቆረጠ። ወዲያው መብራትም ጠፋ። የስልኬ ባትሪ ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶት ነበር።

የአምቡላንሱን ሹፌር ጋሼን እግዚአብሔር ዕድሜያቸውን ያርዝምልኝ! ጩኸቴን ሰምተው ከእንቅልፋቸው ተነሡና ምንም ሳይጠይቁ ሞተሩን አስነሡ። “ነይ፣ ከመኪናው ላይ ሰኪው” አሉኝ። ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ፣ ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ፣ የባትሪው ምልክት ቅንጣት በቅንጣት ሲሞላ አየሁ። መስታወቱ ውርጭ ሠርቶ ውጪው አይታይም። ደወልኩ፤ አይገባም። እንደገና ደወልኩ፤ አይገባም። ጋሼ “ኔትወርክ ያለው የማርያም ኮረብታ ላይ ነው፤ ጓደኛሽ ምጥ ቢመጣ እስክትመለሺ ትይዝልሻለች” አሉኝ። ያቺን ጓደኛዬንም እግዚአብሔር ይባርካት፤ እሺ ብላ ተካችልኝ።

ቤተ ክርስቲያኑ ማኅሌት ላይ ነበር። ከቅጥሩ ውጪ ቆሜ ስልኬን ወደ ሰማይ ብዘረጋ አንዲት መስመር ኔትወርክ መጣች። ለመደወል አልበቃችም። ደብረ ብርሃን አብራኝ የተማረች፣ አሁን እህቴ አጠገብ የምትኖር ነርስ አለች፤ ገንፎ ይዛ አራሷን ጠይቃት ስለ ነበር ቤቱን ታውቀዋለች። “እህቴን ድረሽላት። ግፊት ነው። ዓይኗ ብልጭ ይላል። ብቻዋን ናት” ብዬ መልእክት ጻፍኩላት። መልእክቱ ሄደ። መልስ ግን አልመጣም።

አሁን የልቤን ልናገር። እናታችን የሞተችው ይህችኑ እህቴን ስትወልድ ነው። እኔ ትልቋ፣ ያን ጊዜ ገና ልጅ ነበርኩ። ሕፃኗ ወጣች፤ የእንግዴ ልጁ አልወጣም፤ ደሙ አልቆም አለ። የመንደሩ ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመዋት ወደ መሐል ሜዳ ሲገሠግሡ፣ እኔ ሕፃኗን በነጠላ ጠቅልዬ ከኋላ ከኋላ እሮጣለሁ። እናቴ ድምፅዋ እስኪዘጋ “ማርያም፣ ማርያም” ትል ነበር። መንገድ ላይ ዐረፈች።

ከዚያ ወዲያ ጾሙንም ጾምኩ፤ ቤተ ክርስቲያንም ሳምኩ፤ ልቤ ግን ከእግዚአብሔር ጋር ተጣልቶ ኖረ። “ስትጠራህ የት ነበርክ?” እለው ነበር። አዋላጅ ሆኜ እንኳ፣ አገሩ ሁሉ ለወለደች ሴት “እንኳን ማርያም ማረችሽ” ሲል፣ እኔ “እንኳን ደስ ያለሽ” ብዬ አልፋለሁ። ቃሉ ከአፌ አይወጣም ነበር። ማንም ልብ ያለው የለም።

ያን ሌሊት ያ ሁሉ ቁጣ ገነፈለ። “እናቴን ወሰድክ፤ ዝም አልኩ። ይህችን ጡት ሳይኖረኝ በላም ወተት ያሳደግኋት ናት። ይህችን ብትወስድብኝ ደጅህን አልረግጥም!” አልኩ። ይኸው ነው ያልኩት። ከውስጥ ካህናቱ ያሸበሽባሉ፤ ጸናጽሉ ይሰማኛል፤ እኔ ከውጪ አምላኬን እጣላለሁ።

አንዲት እማሆይ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ጧፍ ሰጡኝና “ማን ታሞብሽ ነው ልጄ?” አሉኝ።

“እህቴ። አራስ ናት። ሩቅ አገር።”

“ስመ ክርስትናዋ?”

“ወለተ ማርያም።”

“ለእመቤታችን ሩቅ አገር የላትም” አሉና ወደ ምሥራቅ ዞረው “እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ” ማለት ጀመሩ። እኔም ሳላስበው ተከተልኳቸው። ከስንተኛው ላይ እንደ ሆነ አላውቅም፣ “ይህ ችግረኛ ጮኸ፥ እግዚአብሔርም ሰማው” የሚለው የዳዊት መዝሙር አፌ ላይ መጣ። ጉልበቴ ከዳኝ፤ ውርጩ ላይ ተንበረከክሁ። “እመቤቴ፣ ብትተርፍልኝ ከነልጇ ጻድቃኔ ማርያም ይዣት እመጣለሁ፤ ያደረግሽልኝንም ለሕዝብ እናገራለሁ” ብዬ ተሳልኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዓት መናገር አልችልም። መልአኩ ቅዱስ ሩፋኤልን፣ ፈታሔ ማኅፀን የሚሉትን፣ እየደጋገምኩ ስጠራ ብቻ ትዝ ይለኛል።

ቅዳሴው ተጀምሮ ሊነጋጋ ሲል ስልኬ ጮኸ።

“ማግኒዥየሙ ተጀምሯል” አለችኝ ነርሷ። “ሰላም ነሽ ወይ” እንኳን አላለችም፤ መጀመሪያ ምን መስማት እንደምፈልግ ታውቃለች፤ ማግኒዥየም መንዘፍዘፉን የሚከላከለው መድኃኒት ነው።

መልእክቴ ሲደርሳት መኪና ውስጥ ነበረች። ቤት ስትደርስ እህቴ ወረቀቷን ይዛ ወለል ላይ ተቀምጣለች። ግፊቷን ስትለካው 178 በ112። ወደ ሌላ ሆስፒታል ወሰደቻት። እዚያም መጀመሪያ “ተራሽን ጠብቂ” ተባሉ። ነርሷ አልተቀመጠችም፤ ወረቀቱን አውጥታ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው። አንዲት ነጭ ሐኪም ከውስጥ ሰምታ ወጣች፤ ከእህቴ ወንበር ፊት ቁጢጥ ብላ “ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ” አለቻት። እስክትጨርስም አላቋረጠቻትም። ስሟን አላውቀውም፤ በጸሎቴ ግን “ያቺ የሰማቻት” እያልኩ አነሣታለሁ። በደቂቃዎች ውስጥ ማግኒዥየም ሰልፌት በደም ሥሯ ገባ፤ እኛ መንዝ ላይ ከመደርደሪያችን አንሥተን የምንሰጠው ያው መድኃኒት። መንዘፍዘፍ ሳያገኛት ተረፈች።

ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረጉልኝ። “እንኳን ማርያም ማረችሽ” አልኳት። ከእናታችን ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።

እህቴ እስክትድን ክኒን ስትውጥ ወራት አለፉ፤ ልጅቱም በሰማንያ ቀኗ ተጠመቀች።

እኔ ግን አልተኛልኝም። እንዴት እንዲህ ባለ አገር እንዲህ ይሆናል ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። በአሜሪካ የጤና መሥሪያ ቤት አኀዝ፣ በአውሮፓውያን 2023 ከ100,000 ወሊድ ጥቁር እናቶች 50.3፣ ነጮች ደግሞ 14.5 ሞተዋል። ለሕፃናቱም ያው ነው፤ በ2022 ከ1,000 ሕያው ልደት ዓመት ሳይሞላቸው የሞቱት የጥቁሮቹ 10.9፣ የነጮቹ 4.5 ነበሩ። የእኛ አገር በ2008 ዓ.ም. ጥናት 412 እናቶች ከ100,000 ነበርና ቁጥሩ ከእኛ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። የእኛ እናቶች የሚሞቱት ግን መንገድ ርቆ፣ ደም ጠፍቶ፣ አምቡላንስ ዘግይቶ ነው። እዚያ ሆስፒታሉ ደጅ ላይ ነው፤ መድኃኒቱ አለ፤ የጠፋው የሚሰማ ጆሮ ነው። መማርም አያድንም። ኮሌጅ የጨረሰች ጥቁር ሴት ሁለተኛ ደረጃ ካልጨረሰች ነጭ ሴት ይልቅ በወሊድ ምክንያት የመሞት ዕድሏ ይበልጣል። በአውሮፓውያን 2016 በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ በተደረገ ጥናት፣ ከነጭ የሕክምና ተማሪዎችና ተለማማጅ ሐኪሞች ግማሽ ያህሉ “የጥቁር ሰው ቆዳ ወፍራም ነው” እንደሚለው ያለ ቢያንስ አንድ ሐሰተኛ እምነት ነበራቸው። እንዲህ የሚያስብ ሰው “አመመኝ” ስትሉት እንዴት ያምናችኋል?

የቴኒስ ተጫዋቿ ሴሬና ዊሊያምስም በአውሮፓውያን 2017 በቀዶ ሕክምና በወለደች ማግሥት ትንፋሽ አጥሯት፣ ሳንባዬ ላይ ደም ረግቷል፣ ምርመራ አድርጉልኝ ብላ ተናገረች። ነርሷ የሕመም ማስታገሻው አደናግሯት መሰላት። ሲመረመር እንዳለችው ሳንባዋ ላይ የረጋ ደም ተገኘ። ይህን ሳነብ ወዲያው የነቢዩ ሳሙኤልን እናት ሐናን አሰብኳት። ልቧ አዝኖ ስትጸልይ፣ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ያየው ካህኑ ዔሊ “ስካርሽ እስከ መቼ ነው?” አላት። “ጌታዬ ሆይ፥ አይደለም፤ እኔስ ልብዋ ያዘነባት ሴት ነኝ” አለችው። የቤተ መቅደሱ ሰው እንኳ ሴትን በመልኳ ፈርዶባት ያውቃል። ዔሊ ግን ስትነግረው ሰማትና “በደኅና ሂጂ” አላት። ለዚያች የመጀመሪያዋ ባለሙያም የምመኝላት ይህንኑ ነው፤ ቀጥላ የምትመጣዋን ጥቁር እናት እንድትሰማ።

ስለታችንን ከፍለናል። እህቴ ልጇን ይዛ መጣች፤ ከሰላ ድንጋይ ወዲያ ጻድቃኔ ማርያም ወርደን ጠበል ተጠመቅን። ልጅቱ የጠበሉን ቅዝቃዜ ስትነካው ጩኸቷ ገደሉን አስተጋባው፤ ምእመናኑ እልል አሉ። ዛሬ እዚያ በቤተ ክርስቲያናቸው ያሉ ሴቶች አራስ ሲጠይቁ ከገንፎው ጋር የግፊት መለኪያ ይዘው ይሄዳሉ። የጀመረችው ያቺ ነርስ ናት፤ እግዚአብሔር ዋጋዋን ይክፈላት።

እናንተም ውጭ አገር የወለደች እህት ካላችሁ ደውሉላት። ራሷን ያማት እንደ ሆነ፣ ዓይኗ ይጋረድ እንደ ሆነ፣ ትንፋሽ ያጥራት እንደ ሆነ ጠይቋት። አንዱን እንኳ “አዎ” ካለቻችሁ፣ ሐኪም ዘንድ ሄዳ “በቅርቡ ወልጃለሁ” ብላ እንድትጀምር ንገሯት፤ አንድ ጊዜ ቢመልሷትም ደግማ ትሂድ፤ ብቻዋን ግን አትሂድ።

እህቴ አሁን እንደገና ነፍሰ ጡር ናት። አንዴ ይህ በሽታ ያገኛት ሴት ሊደገምባት ይችላልና በየጊዜው እየተመረመረች ነው። የምትወልደው በሐምሌ ነው። ወለተ ማርያም ብላችሁ በጸሎታችሁ አስቡልኝ።