የማይቆመው ድራየር

«ልጄ፣ ይሄ ማሽን ከጠዋት ጀምሮ ይዞራል፤ አልቆም አለኝ» አሉኝ እማማ በስልክ። ቅዳሜ ነበር። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ቤታቸው ምድር ቤት ውስጥ፣ የቀድሞው ባለቤት ትቶት የሄደ የ1970ዎቹ የልብስ ማድረቂያ አለ። ስደርስ በርሜሉ ይዞራል፣ ውስጡ ጋቢ አለ። በሩን ስከፍተው ቀጥ አለ። ጋቢውን ዳሰስኩት፤ ቀዝቃዛ ነው፣ እርጥብ ነው።

ሁለት ብልሽት ነው ብዬ አሰብኩ። አንደኛ አይሞቅም፣ ሁለተኛ ታይመሩ አይሄድም። ታይመር ልገዛ ስልኬን አውጥቼ ዋጋ ማየት ጀምሬ ነበር። እንኳን አልገዛሁ! ብልሽቱ አንድ ብቻ ነበር።

መጀመሪያ ያየሁት ኤሌክትሪኩን ነው። እነዚህ ማሽኖች አሜሪካ ውስጥ በሁለት ፌዝ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ በሚያመጡ ሁለት ሽቦዎች ነው የሚሠሩት። ማሞቂያው 240 ቮልት ይፈልጋል፣ ሞተሩ ግን ከአንዱ ፌዝና ከኒውትራል (ከመመለሻው ሽቦ) የሚያገኘው 120 ይበቃዋል። ስለዚህ ሞተሩ የማይጠቀምበት ፌዝ ከጠፋ በርሜሉ ምንም እንዳልሆነ ይዞራል፣ ሙቀት ግን የለም። ሰው ደግሞ ሲዞር ካየ ኤሌክትሪክ አለ ብሎ ያልፈዋል። ሶኬቱን በቴስተር ለካሁት፤ 240 ሙሉ ነው።

ቀጥሎ አንድ ነገር ሞከርኩ። ታይመሩን በደቂቃ ወደሚቆጥረው በኩል አዞርኩት። ሄደ! ልብሱ ሲደርቅ በራሱ ወደሚያቆመው ወደ አውቶማቲኩ ስመልሰው ታይመሩ ቆመ። እዚህ ጋ ነው የነቃሁት፤ ታይመሩ ደህና ነው፣ የሆነ ነገር ነው የከለከለው።

ስፒናውን ነቅዬ የጀርባውን ላሜራ በካቻቢቴ ፈታሁ። ውስጡ የታጠፈ ወረቀት ተለጥፏል፤ የመስመሩ ንድፍ ነው። ቢጫ ሆኗል ግን ይነበባል። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ግማሽ ሰዓት አየሁት። ያ ግማሽ ሰዓት ከቀረው ሥራ ሁሉ የበለጠ ጠቀመኝ።

ከአሁኖቹ ማድረቂያዎች ብዙዎቹ በርሜሉ ውስጥ ልብሱን የሚነኩ ሁለት ብረቶች አሏቸው፤ እርጥበቱን በነሱ ያውቃሉ። የእማማ ማሽን ልብሱን አይነካም። የሚያየው የሚወጣውን አየር ሙቀት ብቻ ነው። ልብሱ እርጥብ ሲሆን ውሃው ሙቀቱን ይበላዋል፣ አየሩም ቀዝቀዝ ብሎ ይወጣል። ሲደርቅ አየሩ ይግላል። አየሩ መውጫ ላይ ሳንቲም የምታክል ቴርሞስታት አለች። የኛዋ ላይ 155 ተጽፎባታል፤ ፋራናይት ነው፣ ወደ 68 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሆናል። እዚያ ስትደርስ ቀጭ ብላ የማሞቂያውን መስመር ትቆርጣለች፣ ስትቀዘቅዝ መልሳ ታገናኛለች።

የሚገርመው ክፍል ይሄ ነው። የታይመሩ ትንሽ ሞተር ከዚህች ቴርሞስታት ጎን ለጎን ታስሯል። ቴርሞስታቷ መስመሩን ስታገናኝ ኤሌክትሪኩ በሷ በኩል ያልፋል፣ ለታይመሩ የሚተርፍ ነገር የለም። ስትቆርጥ ብቻ ነው በታይመሩ በኩል የሚያልፈው። ማለትም ልብሱ እርጥብ እስከሆነ ድረስ ሰዓቱ ቆሞ ይጠብቀዋል፣ መድረቅ ሲጀምር ደግሞ ቀስ በቀስ ይሄዳል። አንዲት ኮምፒውተር የለችበትም! ይህን ያሰበውን መሐንዲስ ባገኘው እጁን እጨብጠው ነበር።

ግን ታይመሩ የሚያገኘው ኤሌክትሪክ የሚመጣለት በማሞቂያው ሽቦ አልፎ ነው። ሽቦው ከተበጠሰ ሙቀትም የለም፣ ሰዓቱም አይሄድም። እማማን ከጠዋት ጀምሮ ያስጨነቃቸው ይሄ ነው። ሽቦውን ለካሁት፤ ጤነኛ ቢሆን ከ10 እስከ 12 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው) ማሳየት ነበረበት፣ ምንም አላሳየም። አውጥቼ ሳየው ልክ እንደ ኤሌክትሪክ ምጣድ ሽቦ የተጠቀለለ ነው፣ አንድ ቦታ ላይ ጠቁሮ ተበጥሷል።

አዲስ ሽቦ ገዝቼ ገጠምኩ። ግን ለምን እንደተበጠሰ ሳላይ ብሄድ ከጥቂት ወር በኋላ መመለሴ አይቀርም ነበር። አየሩን ወደ ውጭ የሚያወጣው ቱቦ የድሮ ነጭ ፕላስቲክ ነበር። ስፈታው ውስጡ በጥጥ ብናኝ ታፍኗል፤ ጋቢ ምን ያህል ጥጥ እንደሚያራግፍ የሚያውቅ ያውቀዋል። አየር ካልሄደ ሽቦው ከልክ በላይ ይግላል፣ ብናኙ ደግሞ እሳት ይወዳል። ፕላስቲኩን ጥዬ ባለ 4 ኢንች የብረት ቱቦ አደረግኩለት። ብናኝ የሚይዘውን ወንፊትም ቧንቧ ስር ያዝኩት፤ ውሃው አላልፍ ብሎ ላዩ ላይ ተኛ። ልብስ ለማለስለስ የሚጨመረው መዓዛ ያለው ጨርቅ በዓይን የማይታይ ቅባት ይተውበታል። በሳሙናና በብሩሽ ታጠበ።

በዚያው ቺንጋውን አየሁት፤ ደህና ነው። ቀጭንና ረጅም ነው፣ በርሜሉን ራሱን ይዞረዋል። በርሜሉ ትልቅ ፑሌጃ ሆነ ማለት ነው። በደቂቃ 1725 ጊዜ የሚዞር ትንሽ ሞተር በርሜሉን 50 ጊዜ ገደማ ብቻ ያዞረዋል፣ በሌላው ጫፉ ደግሞ ፋኑን ያሽከረክራል። አንድ ሞተር፣ ሁለት ሥራ።

አንድ ያልወደድኩት ነገር ስፒናው ነው። ባለ ሦስት እግር ነው፣ የማሽኑ አካል ከኒውትራሉ ጋር ተገናኝቷል። ኒውትራሉ ከላላ አካሉ ራሱ ኤሌክትሪክ ይይዛል። አሜሪካ ከ1996 ወዲህ ለአዲስ መስመር ባለ አራት እግር ነው የምትጠይቀው። ይህን እኔ አልነካሁትም፣ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ቀየረው።

ስጨርስ እማማ ቡና አፍልተው ጠበቁኝ። «ምን ቢሆን የፀሐይን ያህል አይሆንም» አሉ። የድሮ ሠሪዎችም ይህን ያውቁ ነበር። ጄ. ሮስ ሙር የሚባል የሰሜን ዳኮታ ሰው በዚያ ብርድ ልብስ ውጭ መስጣት ሰልችቶት የሚዞር በርሜል ሠራ። የሱን ሐሳብ ይዞ የዊስኮንሲኑ ሃሚልተን ኩባንያ በ1938 ለገበያ ያወጣውን ማድረቂያ «ጁን ዴይ» አለው፣ የጁን ቀን ማለት ነው። ለነሱ ጁን ፀሐይ ነው። እማማ ግን ሰኔ ሲባል ትዝ የሚላቸው ልብስ ከገመድ ላይ እየሮጡ መሰብሰብ ነው። በ1950ዎቹ ደግሞ አንዳንድ ሠሪዎች በርሜሉ ውስጥ አልትራቫዮሌት አምፖል ይገጥሙ ነበር። ከአየሩ ኦዞን የሚባል ጋዝ እየሠራች ልብሱን ፀሐይ ላይ የዋለ እንዲሸት ታደርጋለች ተብሎ ነው።

ጋቢውን መልሰን ከተትነው። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ታይመሩ መሄድ ጀመረ፣ ከዚያ ማሽኑ በራሱ ቆመ። እማማ አጨበጨቡ። እኔ ጋቢውን አውጥቼ መሃሉን ጨበጥ አደረግኩት፤ እርጥብ ነው። አራት ድርብ ስለሆነ ላዩ ቀድሞ ይደርቅና አየሩ ይግላል፣ ማሽኑም ያለቀ ይመስለዋል። አሁን እማማ በመሃል አውጥተው ይዘረጉታል፣ ውስጡን ወደ ውጭ ገልብጠው ይመልሱታል።