ከኋላ ወንበር የሚታየው

ሴሚስተሩ ተጋመሰ፤ መምህር ሲያስተምር ኋላ ተቀምጠን የምንሞላቸው የክፍል ምልከታ ቅጾችም ጠረጴዛዬ ላይ ተከምረዋል። አንዱን አንስቼ ሳየው የሚጠይቀኝ ሁሉ ስለ መምህሩ ነው። የዕለቱን ዓላማ ሰሌዳ ላይ ጽፏል? ድምፁ ይሰማል? መርጃ መሣሪያ ይዞ ገብቷል? የዕለት እቅዱ ተፈርሟል? ለሁሉም «አዎ» ተብሎ ምልክት ተደርጎበት፣ 50 ተማሪ 40 ደቂቃ ተቀምጦ ምንም ሳይማር ሊወጣ ይችላል። ቅጹ ይህን የሚይዝበት ቦታ የለውም።

እንደኛ ባለ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ችግሩ የራሱ መልክ አለው። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ካቶሊኮች ከአገሩ ሕዝብ 1 በመቶ አልሞሉም፤ ክፍላችን ውስጥ የሚቀመጠው ልጅም ባብዛኛው ኦርቶዶክስ፣ ሙስሊም ወይም ፕሮቴስታንት ነው። ወላጅ ወደኛ የሚመጣው «እዚያ ዲሲፕሊን አለ» ሲባል ሰምቶ ነው። በርግጥም አለ። ዩኒፎርሙ ሙሉ፣ ሰልፉ ቀጥ ያለ፣ ክፍሉ ጸጥ ያለ። የሚያታልለን ግን ይኸው ጸጥታ ነው። የሚረብሽ ክፍል ቢያንስ እንዳልገባው በረብሻው ይናገራል። የኛ ልጅ ሳይገባው ጨዋ ነው።

ስለዚህ ኋላ ጥግ ተቀምጦ ሰሌዳውን ከማየት አጠገብ ያለውን ደብተር ማየት ይሻላል። በቀይ እስክሪብቶ የተሰመረበት፣ ጽሑፉ የሚያምር፣ አንድም ስርዝ ድልዝ የሌለበት የሒሳብ ደብተር ካለ፣ የተገለበጠ ደብተር ነው። የሚያስብ ልጅ ይሰርዛል። ሌላው ምልክት የክፍል ሥራው ነው፦ ጥያቄው ተጽፎ ከሥሩ ባዶ ቦታ ይተዋል፤ መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሲሠራው ብቻ ባዶው ይሞላል። ያ ልጅ ሲሠራ ሳይሆን ሲጠብቅ ነበር።

ጊዜው የት እንደሚሄድ ደግሞ በሂሳብ ይታያል። የ50 ተማሪ ስም እየጠሩ አቴንዳንስ መያዝ፣ ለአንዱ 3 ሰከንድ ብንል፣ 2 ደቂቃ ተኩል ነው። በየዴስኩ እየዞሩ የቤት ሥራ ማረም፣ ለአንድ ደብተር 20 ሰከንድ፣ ወደ 17 ደቂቃ ይጠጋል። 200 ቃል ያለው ሾርት ኖት ማስገልበጥ፣ ልጁ በደቂቃ 20 ቃል ይጽፋል ብንል፣ 10 ደቂቃ። ተደምሮ 29 ደቂቃ ተኩል። ለትምህርቱ የተረፈው 10 ደቂቃ ከምናምን ነው፤ እሱም ጸሎቱና ሰላምታው ሳይቆጠር። መምህሩ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ሦስቱም ሥራ «በሥርዓት የሚያስተምር» ከሚባል መምህር የሚጠበቅ ነው።

ሦስቱም መፍትሔ አላቸው። አቴንዳንስ በመቀመጫ ካርታ ይያዝ፤ ባዶ ወንበር ማየት ስም ከመጥራት ይፈጥናል። የቤት ሥራ በቀን 5 ደብተር ብቻ በጥንቃቄ ይታረም፤ በ10 የትምህርት ቀን ሁሉም ይዳረሳል። ማን ተራ እንደሚደርሰው ግን አይነገር፤ ከተነገረ የሚሠሩት አምስቱ ብቻ ናቸው። 20 ጥያቄ መስጠትም ይቅር፤ 5 ይበቃል። 20 ሲሆን አንዱ ይሠራዋል፣ አርባው ጠዋት ከሰልፍ በፊት ይገለብጡታል። ኖቱ መማሪያ መጽሐፉ ላይ ካለ ገጹን መናገር በቂ ነው፤ ከሌለ መጨረሻ ላይ፣ ልጆቹ ራሳቸው በሚናገሩት ዓረፍተ ነገር፣ ከአምስት መስመር ባይበልጥ።

መግቢያው ላይ ሦስት ጥያቄ፦ አንዱ ከትናንት፣ አንዱ ካለፈው ሳምንት፣ አንዱ ከወር በፊት። ልጆቹ ሳይቀመጡ ሰሌዳ ላይ ይጠብቋቸው፤ 5 ደቂቃ፣ ዝም ብሎ መሥራት፣ መምህሩም በዚያው አቴንዳንሱን ይያዝ። ይህ ነገር የሚበላሸው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ሦስቱንም ጥያቄ ከትናንት ማውጣት ነው፤ ያኔ የወር በፊቱ እንደረሱት ይቀራል፣ የተፈለገውም እሱን ማንሳቱ ነበር። ሁለተኛው ማርክ መስጠት ነው። ማርክ ያለበት ነገር ይኮረጃል፤ የተኮረጀ መልስ ለመምህሩ ምንም አይነግረውም።

ወደ ዋናው ልምጣ። «ገባችሁ?» «አዎ ቲቸር!» ይህ ጥያቄ አይደለም፣ ሰላምታ ነው። «እንዴት ነህ?» ሲባል ታሞ የተኛውም «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል እንጂ ሕመሙን አይዘረዝርም፤ የክፍሉም መልስ እንደዚያው ነው። «ጥያቄ ያለው?» ቢባልም ያው ነው፤ ያልገባው ልጅ ያልገባውን ለይቶ መጠየቅ ቢችል ኖሮ ግማሹ ገብቶታል ማለት ነበር።

መጠየቅ የሚሻለው መልሱ ሊሳሳት የሚችል ጥያቄ ነው፤ ቅደም ተከተሉም አለው። ስም ተጠርቶ ጥያቄ ከተከተለ የቀሩት 49ኙ እፎይ ይላሉ። ጥያቄው ይቅደም፣ ዝምታ ይከተል፣ ስም በመጨረሻ ይምጣ። ከባዱ ዝምታው ነው። አሜሪካዊቷ የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ ሜሪ በድ ሮው፣ ሥራዋ የታተመው በ1974 እ.ኤ.አ. ነው፣ መምህራን ጠይቀው በአማካይ የሚጠብቁት 1 ሰከንድ ያህል ብቻ መሆኑን አሳይታለች። 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ የተማሪው መልስ ይረዝማል፣ ሳይመልስ የሚቀረውም ይቀንሳል። እኛ ጋ ልጁ ጥያቄውን በእንግሊዝኛ ሰምቶ በአማርኛ አስቦ በእንግሊዝኛ ስለሚመልስ 3 ሰከንድም አይበቃውም። በልብ እስከ 7 መቁጠር። ለመምህሩ ዘላለም ይመስለዋል፤ ለልጁ አይደለም።

ስም ደግሞ እጅ ካወጡት መሐል አይመረጥ፤ እጅ የሚያወጡት ከፊት ያሉት ስድስቱ ናቸው፣ ሁልጊዜ። ስሞቹን በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ባዶ የጠመኔ ካርቶን ውስጥ መጨመርና ማውጣት ነው። የወጣው ስም ተመልሶ ይግባ፤ ካልገባ አንዴ የተጠየቀው እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ዕረፍት ላይ ነው። «አላውቅም» ያለውን ቁጣም «ተቀመጥ»ም አያስፈልገውም። ሌላ ልጅ ይጠየቅ፣ ከዚያ ወደ መጀመሪያው ተመልሶ «አንተስ በራስህ አባባል እንዴት ትለዋለህ?» ይባል። ይህ መመለስ ከሌለ «አላውቅም» ርካሹ መውጫ በር ይሆናል።

የ9ኛ ክፍል ሒሳብ ላይ በየዓመቱ የማይቀር አንድ ስሕተት አለ። የሁለት ነገሮች ድምር ስኩዌር ሲባል ልጁ እያንዳንዱን ለየብቻ ስኩዌር አድርጎ ይደምራቸዋል። መምህሩ «ፎርሙላውን ረሳኸው» ይልና እንደገና ይጽፍለታል። ልጁ ይገለብጣል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ስሕተቱ ተመልሶ ይመጣል። ልጁ አልረሳም። የራሱ ፎርሙላ አለው፣ እሱም እውነት ይመስላል፤ መጀመሪያ መፍረስ ያለበት እሱ ነው። በቁጥር ይሞከር። 1 ሲደመር 3፣ 4 ነው፤ ስኩዌሩ 16። በልጁ መንገድ ግን 1 ሲደመር 9፣ 10። 6 የት ሄደ? እዚህ ላይ መምህሩ ዝም ይበል፤ የክፍለ ጊዜው ዋጋ እዚህ ዝምታ ውስጥ ነው። ቀጥሎ ጎኑ 4 የሆነ ካሬ ሰሌዳ ላይ ይሳልና ሁለቱም ጎን 1 እና 3 ተብሎ ይከፈል። አራት ቁራጭ ይወጣል፦ አንዱ 1፣ አንዱ 9፣ ሁለቱ ደግሞ እያንዳንዳቸው 3። የጠፋው 6 እነዚያ ሁለቱ ናቸው። ከዚህ በኋላ ፎርሙላው ቢጻፍ ያየውን ነገር ያሳጥርለታል።

ያ ካሬ ታዲያ እስከ ደወሉ አይጥፋ። ዳስተር በእጁ ይዞ የሚያስተምር መምህር ብዙ ነው፤ አንዱን ምሳሌ ጨርሶ ሳይዞር ያጠፋዋል፣ ልጆቹ መልመጃው ላይ ሲደርሱ የሚያዩት ነገር የለም። ሰሌዳውን በሦስት መክፈል ይጠቅማል። ግራው ለርዕስና ለአዳዲስ ቃላት፣ መሐሉ ለተሠራው ምሳሌ፣ ቀኙ ለሚጠፋ ነገር። ጽሑፉ ይታይ አይታይ እንደሆነ የመጨረሻው ዴስክ ጋ ሄዶ የራስን ጽሑፍ ማንበብ ብቻ ነው። ምሳሌውም ቀስ በቀስ ይለቀቅ፤ ሁለቱን መምህሩ ሙሉ ይሥራ፣ ሦስተኛውን አጋምሶ ይተው፣ አራተኛውን ልጁ ብቻውን። ብዙ ጊዜ የምናየው ከሁለተኛው ወደ አራተኛው መዝለል ነው።

ቋንቋው ሌላ ጉድ ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው ተብሏል፤ መምህሩ ግን እንዲገባቸው ሲል በአማርኛ ያስረዳል። ይህን መከልከል የማይረባ ነው፣ ክፍል ውስጥ የቆየ ሁሉ ያውቀዋል። ጉዳቱ በአማርኛ አስረድቶ እዚያው መተው ነው፤ ፈተናው በእንግሊዝኛ ነውና። በአማርኛ የተረዳውን ልጁ መልሶ በእንግሊዝኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገረው፣ ከዚያ ይጻፈው። ለአንድ ክፍለ ጊዜ አራት አምስት ቃል ይበቃል። ከሙያ ቃላቱ በላይ የሚጥሉት ደግሞ የጥያቄ ግሶች ናቸው፦ ኮምፔር (አወዳድር)፣ ጀስቲፋይ (ምክንያቱን አስረዳ)፣ ዲራይቭ (ከየት እንደመጣ አሳይ)። «ኮምፔር» ተብሎ ሁለቱን ነገር ለየብቻ የሚተረጉም ልጅ ባዮሎጂው ሳይሆን ግሱ ነው የጣለው።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ሲሰጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ፤ በ2015፣ 3.2፤ በ2016፣ 5.4። ከዚያ ወዲህ የየትምህርት ቤቱ ምላሽ የምርጫ ጥያቄ ማስለፍለፍ ሆኗል፣ እኛም ከዚህ ነጻ አይደለንም። አራት ምርጫ ያለው ጥያቄ በግምት ብቻ ከአራት አንዱን ያስገኛል፤ ወርክሺት በወርክሺት ላይ ሲደረብ ልጁ የሚለማመደው ግምቱን ነው። ለ40 ጥያቄ መልስ ከማክበብ ለ10 ጥያቄ የቀሩት ሦስት ምርጫዎች ለምን እንዳልሆኑ በአንድ አንድ መስመር መጻፍ ይሻላል። የተከታታይ ምዘናውም ወረቀት በሳምንት ውስጥ ይመለስ፤ ከመመለሱ በፊት ግን መምህሩ በየጥያቄው ስንት ልጅ እንደሳተ ጭረት እየጫረ ይቁጠር። ከግማሽ በላይ የሳቱት ካለ ወይ ትምህርቱ አልደረሰም ወይ ጥያቄው ተበላሽቷል፤ በሁለቱም የሚጠየቀው ልጁ አይደለም።

ሽምደዳን ሁሉ ከቄስ ትምህርት ቤት ወረስን ይባላል። እኔ ይህ አይዋጥልኝም። የኔታ ፊት ልጁ ብቻውን፣ በገዛ አፉ ያነባል፤ አንዱ የንባብ ደረጃ፣ ውርድ ንባቡ፣ ሳይቀና ወደ ቀጣዩ፣ ወደ ቁም ንባብ፣ ማለፍ የለም። አንድም ልጅ በጓደኛው ድምፅ ተሸፍኖ አያልፍም። እኛ ያን ማንበቡን ትተን በኅብረት መጮኹን ብቻ ያስቀረን ይመስለኛል። የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች የመምህራን ሁሉ ጠባቂ ብለው የሚያከብሩት ቅዱስ ዮሐንስ ባፕቲስት ደ ላ ሳልም (1651–1719 እ.ኤ.አ.) ልጆችን በክፍል ሰብስቦ በጋራ ማስተማርን ያስፋፋ ሰው ነው፤ መምህራኑን ግን ንግግር እንዲቀንሱ አድርጎ፣ ትእዛዙን በአፍ ሳይሆን በእጅ በያዙት መሣሪያ ምልክት እንዲሰጡ አስለምዷል። በክፍሉ ውስጥ ብዙ እንዲያወራ የታሰበው መምህሩ አልነበረም።

የርዕሰ መምህር ቢሮ ደግሞ የራሱን ኃጢአት ይቁጠር። በሴሚስተር አንዴ ቀጠሮ ተይዞ ሙሉ 40 ደቂቃ የሚደረግ ምልከታ ቲያትር ነው፤ የተጠና ትምህርት፣ የተመከሩ ልጆች። 10 ደቂቃ፣ ሳይነገር፣ በወር ሁለት ጊዜ መግባት ይበልጣል፤ አንዴ መግቢያው ላይ፣ አንዴ ልጆቹ ሲሠሩ። የሚነገረው አስተያየት አንድ ብቻ ይሁን፣ በዚያው ቀን፣ ሻይ ላይ፤ «ዘጠኝ ነጥብ ይስተካከል» የተባለ መምህር አንዱንም አያስተካክልም። በሳምንት 25 እና 30 ክፍለ ጊዜ ከሚያስተምር ሰው ሁለት ገጽ የዕለት እቅድ መጠየቅም የአምናውን መገልበጥ ማስተማር ነው። ግማሽ ገጽ፦ ዛሬ ምን መሥራት እንዲችሉ፣ የሚጠየቁት ሦስት ጥያቄዎች፣ የት ሊሳሳቱ እንደሚችሉ። ሦስተኛው ባዶ ከሆነ እቅዱ አልታሰበበትም።

ቅጹ ጀርባ ላይ ሦስት መስመር ጨምሬያለሁ፦ ከታዩት 5 ደብተሮች በስንቱ ላይ ልጁ ራሱ የሠራው አለ፣ ስንት የተለያየ ልጅ ተናገረ፣ መምህሩ ስንት ደቂቃ ዝም አለ።

የቀረው የግቢው ማይክ ነገር ነው። በትምህርት ሰዓት «የሚከተሉት ተማሪዎች ፋይናንስ ቢሮ» የሚለው ጥሪ በቀን ሦስት ጊዜ ቢሆን፣ በአንድ ጥሪ 2 ደቂቃ ቢሰበር፣ በ5 ቀን 30 ደቂቃ ነው፤ ከሁሉም ክፍል፣ ባንድ ጊዜ። ስሙ የተጠራው ልጅ ደግሞ ክፍያ እንዳልተከፈለለት 49 ሰው ሰምቶ፣ ተመልሶ ሲገባ ፊዚክስ ሊሰማ አይችልም። ማይኩ ከሰኞ ጠዋት 2:30 ጀምሮ ከዕረፍት ሰዓት ውጪ ዝግ ነው፤ ስለ ክፍያ የሚነገር ካለ በስልክ ለወላጅ።