ቁልፉን ከማዞሬ በፊት

የዛሬ 6 ዓመት፣ በዐቢይ ጾም አንድ ዓርብ ጠዋት፣ በመንገድ ላይ የገጠመኝን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም በዝርዝር አልተናገርሁም። ባለቤቴ ከፊሉን ታውቃለች፤ ሐኪሜም ቁጥሩን ያውቃል፤ ሙሉውን የምናውቀው ግን እኔና ያኔ የ9 ዓመት ልጅ የነበረችው ልጄ ብቻ ነን። አሁን እንድጽፈው ያደረገኝ፣ ባለፈው ሳምንት እራት በልተን እንደ ተቀመጥን ድንገት ቀና ብላ «አባዬ፣ ያን ቀን መኪና ውስጥ ለምን ነበር የጮህህብኝ?» ብላ መጠየቋ ነው።

ስኳር እንዳለብኝ ካወቅሁ 14 ዓመት፣ ኢንሱሊን መወጋት ከጀመርሁ ደግሞ 9 ዓመት ሆኖኛል። የምወጋው ቅልቅሉን ነው፤ ፈጥኖ የሚሠራውና ዘግይቶ የሚሠራው በአንድ ብልቃጥ የተቀላቀሉበትን፣ ጠዋት ከቁርስ ግማሽ ሰዓት በፊት፣ ማታ ደግሞ ከእራት ግማሽ ሰዓት በፊት። ይህ መድኃኒት አንዴ ከቆዳ ሥር ከገባ በኋላ ምግቡ መጣ አልመጣ ብሎ አይጠብቅም፤ ሰውየው ቢበላም ባይበላም የደሙን ስኳር ያወርዳል። ይህን በቃል ደረጃ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቀው ነበር።

በዚያ ዓርብ ከልጄ ጋር ወደ ሐዋሳ፣ እናቴ ዘንድ መሄዳችን ነበር። ሐኪሜንም የንስሐ አባቴንም ሳላማክር፣ ቢያንስ ዓርብ ዓርብ እስከ 9 ሰዓት ልጹም ብዬ በልቤ ወስኛለሁ። ስለዚህ ንጋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ መጠኑን በራሴ ግምት ትንሽ ቀንሼ ተወጋሁና ውኃ ብቻ ጠጥቼ፣ 2 ሰዓት ላይ ከቤት ወጣን። ባለቤቴ ቁርስ በላህ ወይ ብላ ስትጠይቀኝ «ደህና ነኝ» አልኋት። ጥያቄዋ ሌላ፣ መልሴ ሌላ መሆኑን ያስተዋልሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

የአዲስ አዳማ የፍጥነት መንገድ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለውና በሰዓት እስከ 120 ኪሎ ሜትር የሚነዳበት መንገድ ነው። ወደ ሞጆ ስንቃረብ ግንባሬን አላበኝ። ቆላ እየወረድን ነው፣ ሙቀቱ ነው ብዬ መስኮቱን ከፈትሁት። ጥቂት ቆይቶ እጄ መሪው ላይ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ድካም ነው አልሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን በትክክል አላስታውስም፤ የማስታውሰው የመስመሩ ነጭ ቀለም ከመኪናው ሥር እየገባ ሲወጣ ማየቴንና ይህም ምንም ሳያስጨንቀኝ መቅረቱን ነው። ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ ይኸው አለመጨነቄ ነው። ከኋላችን የመጣ የጭነት መኪና ረጅም ጥሩንባ ነፋብኝ። ልጄ «አባዬ፣ ደክሞሃል? እንቁም?» አለችኝ። እኔ፣ ከዚያ በፊት ድምፄን ከፍ አድርጌባት የማላውቀው አባቷ፣ «ዝም በይ አልሁሽ!» ብዬ ጮህሁባት።

ማልቀስ ጀመረች። ያቆመኝም ልቅሶዋ ነው እንጂ አስተዋይነቴ አይደለም። ጥግ ይዤ ቆምሁና የአደጋ መብራቱን አበራሁ። የስኳር መለኪያዬ በኋላ ሳጥን፣ ከልብሱ ሻንጣ ሥር ነበረ፤ በእጄ ያለው አንድ ፌስታል ቆሎ ብቻ ነው። ቆሎ ለመንገድ መልካም ስንቅ ቢሆንም ስኳሩ ለወረደ ሰው አይደርስለትም፤ ገብስ ታኝኮ፣ ተፈጭቶ፣ ደም ውስጥ እስኪገባ ድረስ ጊዜ ይፈጃል። ያዳነን ልጄ ለራሷ የያዘችው የታሸገ የማንጎ ጭማቂ ነው። ከጠጣሁት በኋላ እንደ ምንም ወርጄ ስለካ 48 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) አነበበ። ከ70 በታች ያለው የወረደ ስኳር ይባላል፤ ከ54 በታች ያለው ደግሞ በሐኪሞች ዘንድ እንደ ከባድ ነገር የሚታይ ነው። ከሩብ ሰዓት በኋላ 83 ሆነ፤ እኔም ቁልፉን አዙሬ መንገዴን ቀጠልሁ።

መንገዴን መቀጠሌም ሁለተኛው ጥፋቴ እንደ ነበረ የነገረኝ ሐኪሜ ነው። ደሙ ውስጥ ያለው ቁጥር ቢስተካከልም አእምሮ ወደ ቀድሞው ንቃቱ የሚመለሰው ዘግይቶ ነው፤ ቢያንስ ሌላ 45 ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል። እጅግ የጠቀመኝን ነገር ያስረዳኝም በዚያው ቀን ነው። አእምሮ የሚሠራው በዋናነት በስኳር ስለሆነ፣ ስኳሩ ሲወርድ አስቀድሞ የሚጎድለው ማመዛዘን ነው፤ ስለዚህ «አሁን መንዳት እችላለሁ ወይ?» የሚለውን ጥያቄ የምንጠይቀው መልስ ሊሰጠን የማይችለውን አካል ነው። ቁጣውና ግትርነቱ የሕመሙ ምልክት ናቸው፤ ልክ እንደ ሰከረ ሰው፣ የታመመው ሰው ደህና ነኝ ብሎ ይከራከራል። ይባስ ብሎ፣ ስኳሩ ደጋግሞ የሚወርድበት ሰው ላቡና መንቀጥቀጡ እየደበዘዙ ይመጡና ያለ ማስጠንቀቂያ ይወድቃል፤ እንደ ፕሮፕራኖሎል ያሉ ለልብና ለደም ግፊት የሚታዘዙ መድኃኒቶችም የልብ ምቱንና መንቀጥቀጡን ሊሸፍኑ ይችላሉ። ለሳምንታት እንዳይወርድ ከተጠነቀቁ ማስጠንቀቂያው ሊመለስ እንደሚችል መስማቴ ግን አጽናንቶኛል።

ከዚያ ወዲህ ውሳኔውን ከመንገድ ላይ አንሥቼ ወደ ግቢዬ አመጣሁት፤ ጭንቅላቴ ጤነኛ ሳለ እወስናለሁ፣ መኪና ውስጥ ግን አልከራከርም። ለንደን የሚኖር የአክስቴ ልጅ እንደ እኔው ኢንሱሊን የሚወጋ አሽከርካሪ ነው፤ እዚያ አገር ከመንዳት በፊት ባሉት 2 ሰዓታት ውስጥ መለካት፣ በረጅም ጉዞም በየ2 ሰዓቱ መድገም ግዴታ ነው። ቁጥሩ በእኛ አለካክ 90 ካልሞላ ሳይበሉ አይነሡም። ይህን ሥርዓት ማንም ሳያስገድደኝ ለራሴ ሕግ አድርጌዋለሁ። ወደ ሐዋሳ ስሄድ ሞጆ ላይ እቆማለሁ፣ ባቱ ላይ እቆማለሁ፤ የቸኮለ ሰው አብሮኝ ከተሳፈረ ይህን አስቀድሜ እነግረዋለሁ። ስትሪፕ፣ ማለትም ደሙ የሚነካበት የመለኪያው ቁራጭ፣ ውድ እንደ ሆነና አንዳንዴም ከገበያ እንደሚጠፋ አውቃለሁ፤ ብዙ ሰው ሳይለካ የሚነዳው ከንዝህላልነት እንዳልሆነ ይገባኛል፤ ያም ሆኖ እጄ ላይ ጥቂት ብቻ ሲቀሩ ለመንዳት ቀን አስቀምጣቸዋለሁ።

ለስላሳና ስኳር የያዘ ጠርሙስ በሾፌሩ በር ኪስ ውስጥ ነው፤ ኋላ ሳጥን ውስጥ ያለ ስኳር እንደሌለ ይቆጠራል። ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ ወይም በውኃ የተበጠበጠ 3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር ይበቃል፤ ከሩብ ሰዓት በኋላም እለካለሁ። ኢንሱሊኑንና ስትሪፖቹን ግን ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አልተውም፤ ሙቀት ሁለቱንም ያበላሻል። ዓይኔን በየዓመቱ እታያለሁ፤ እግሬም ፔዳሉን በደንብ እንደሚዳስስ በየጊዜው ራሴን እፈትናለሁ። ስለ ጾሙም የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ ነበር፤ ታምሜ ሳለ ሳልጠይቅ በመወሰኔ አዝነው፣ ምግቤን በሰዓቱ እየበላሁ በጸሎትና በምጽዋት እንድበረታ አዘዙኝ።

መንጃ ፈቃዴን ባለፈው ጊዜ ሳሳድስ ስለ ስኳሬ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ እኔ ግን ተናገርሁ። የሰማኝ ባለሙያ ትንሽ ተገርሞ ኢንሱሊን እንደምወጋ መዝገቡ ላይ ጻፈው። ስናገር ድምፄ እንደ ተንቀጠቀጠ አስታውሳለሁ፤ ፈቃዱን እነጠቃለሁ ብዬ ፈርቼ ነበር። ብነጠቅም ግን በዚያ መንገድ ዳር ከደረሰብኝ የበለጠ የሚከብደኝ አይመስለኝም።

ለልጄ ጥያቄ እራት ላይ የመለስሁላት ይህንኑ ነው፤ ይቅርታም ጠየቅኋት። ቁጣው ከስኳሩ መውረድ ቢሆንም፣ ሳልበላ ቁልፉን ያዞርሁት እኔ ነኝና። ዝም ብላ ከሰማችኝ በኋላ «እኔ እኮ ያጠፋሁ መስሎኝ ነበር» አለች። 6 ዓመት ሙሉ።

ትናንት ጠዋት ትምህርት ቤት ላደርሳት ስነሣ መለኪያው 66 አነበበ። ለስላሳውን ጠጣሁ፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ 97 ሆነ፤ ዳቦዬን በላሁና ቁልፉን ኪሴ ውስጥ ከተትሁት። ባለቤቴ ለአስተማሪዋ ደውላ እንደምታረፍድ ተናገረች። ልጄም መኪናው ውስጥ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ማጥናት ጀመረች። አልፎ አልፎ ቀና እያለች «አባዬ፣ ስንት ደቂቃ ቀረን?» ትለኝ ነበር። «ሠላሳ፣» እላታለሁ፤ ቆይቶ ደግሞ «ሃያ።»